ሙያ መማር የወደቀ ሰው ዕጣ ነውን?



በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመላ አገሪቱ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ሆኑ። በ2017 ዓ.ም. ቍጥሩ ከፍ ብሎ እንኳ 8.4 በመቶ ነበር። ከእኛም መካከል ውጤቱን ሰምቶ በሩን ዘግቶ የተቀመጠ አለ። «ቴክኒክና ሙያ ግባ» ቢሉት እንደ ስድብ ይቆጥረዋል።

ይህ ንቀት ዛሬ የተወለደ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለሙያ በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዝዘው ነበር። መቶ ዓመት አልፎም ስድቡ ከአፋችን አልጠፋም። የሚገርመው፣ ያው ተሳዳቢ የቤቱ በር ሲሰበር የሚሮጠው ወደ በያጁ መሆኑ ነው! ጫግኒ ደግሞ ከእንጅባራ ወደ ግልገል በለስ የሚወርደው መኪና የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ መካኒክና በያጅ የማይፈለግበት ቀን የለም።

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ትምህርት በጥቍር ሰሌዳ ብቻ አያልቅም። «ትብብር ሥልጠና» የሚባለው አሠራር ሠልጣኙ ንድፈ ሐሳቡን በኮሌጅ፣ ተግባሩን በድርጅት ውስጥ እንዲማር ነው። የታሰበውም 30 በመቶው በኮሌጅ፣ 70 በመቶው በሥራ ቦታ እንዲሆን ነው። ለምን ይህን ያህል? ብየዳን እንይ። ስስ ላሜራ ኃይሉ ሲበዛበት ይበሳል፤ ወፍራሙ ብረት ደግሞ ኃይሉ ሲያንስ ከላይ የተያያዘ መስሎ ከውስጥ ሳይዋሐድ ይቀራል። ኤሌክትሮዱ ሲርቅ ብልጭታው ይበተናል፣ ሲጠጋ ይጣበቃል። የሠለጠነ በያጅ ልክ መሆኑን በጆሮው ያውቃል፤ ድምፁ ሳይቆራረጥ ይንጣጣል። ይህን ድምፅ በደብተር መጻፍ አይቻልም። ያለ መከላከያ መነጽር ብርሃኑን ያየም ሕመሙ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፤ ዐይኑ አሸዋ እንደ ገባበት ይቈረቍረዋል። መነጽር ሳይሰጥ «ሥራ» የሚል ጌታ አስተማሪ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መደበቅ አንፈልግም። ከእኛ አንዱ ለልምምድ ወደ አንድ ወርክሾፕ ተልኮ ሳምንታቱን ሻይ ሲያመላልስና ግቢ ሲጠርግ ጨርሷል። በወረቀቱ ላይ «ተለማምዷል» ተባለ፤ እጁ ግን መሮ እንኳ አልያዘም።

ጕዳቱ የታየው በብቃት ምዘና ቀን ነው። ይህ እኛ «ሲኦሲ» የምንለው ፈተና ጽሑፍም ተግባርም አለበት፤ መዛኙም ያስተማረው መምህር አይደለም፤ በፊቱ ሠርቶ ማሳየት ግድ ነው። ያው ምዘና ግን ኮሌጅ ሳይገባ በጋራዥ ላደገ ልጅም ክፍት ነው፤ የሚጠየቀው የት ተማርህ ሳይሆን ምን ትችላለህ ነውና። (እኅቶቻችንም ስፌትን ብቻ የሚመርጡት ሌላው ስለ ተከለከለ አይደለም።)

ስለዚህ ከመመዝገባችን በፊት ኮሌጁን እንጠይቅ፤ የምንላክበት ድርጅት ውል ፈርሟልን? ከኮሌጁ መጥቶ የሚያየን መምህር አለን? በድርጅቱ ውስጥ ተጠሪያችን ማን ነው? ከሁሉም በላይ፣ በሳምንት ስንት ቀን መሣሪያ እንይዛለን?