ጭንብሉን ሌሎች ያጠለቁበት ጀግና፦ የከበበ ትወና በ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ፊልም

መግቢያ

ሱፐርሂሮ የሚባለው የፊልም ልዕለ ጀግና ሁለት ማንነት አለው፤ አንዱ የተናቀ፣ ሌላው የተከበረ። በሪቻርድ ዶነር ዳይሬክተርነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1978 ለዕይታ የበቃው «ሱፐርማን» ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ክሪስቶፈር ሪቭ ጋዜጠኛውን ክላርክ ኬንትን ሲጫወት ትከሻውን ይሰብራል፣ ይደናበራል፣ መነጽሩን ይነካካል፤ ሱፐርማንን ሲጫወት ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ድምፁም ይረጋል። ጭንብሉ ከመነጽሩ ይልቅ የተዋናዩ ሰውነት ነው። ይሁን እንጂ ጀግናው ጭንብሉን ያጠለቀው በገዛ ፈቃዱ ነው። ከዚህ ሥራ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በአንጻሩ ማኅበረሰቡ ጭንብል ያጠለቀበትን ጀግና ያሳያል። ይህ አጭር ጽሑፍ ከበበ የተባለውን ገጸ ባሕርይና የገብሩ ካሳን ትወና፣ ለጎጃም አንባቢ ቅርብ ከሆነው ከጉዱ ካሳ ጋር በማነጻጸር ይመረምራል።

ፊልሙና ዘመኑ

ፊልሙ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1974፣ የዘውዱ ሥርዓት በሚፈርስበት ወቅት ነው። በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የተሠራ ሲሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይረዝማል። ተዋንያኑ በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብን ኑሮ ይከተላል። ባላባቱ ከደጁ ተቀምጦ ያዝዛል፣ ይሳደባል፤ ጭሰኞቹ ያርሳሉ፣ ከብት ይጠብቃሉ፣ እምብዛም አይናገሩም። በዚህ ዝምታ መካከል ድምፁን የሚያሰማው ከበበ ነው። ጣሊያንን የተዋጋ፣ ኋላም መሬቱን ያጣ፣ ሰው ሁሉ «እብድ» ብሎ የተወው ነው።

ሸላሚ ያጣ ፉከራ

በፊልሙ ውስጥ ሁለት ዓይነት ትወና ጎን ለጎን ይታያል። የጭሰኞቹ ትወና ሥራው ራሱ ነው፤ ሞፈርና ቀንበር የያዘ እጅ ማስመሰል አያስፈልገውም። የከበበ ትወና ግን በንግግር የተሞላ ነው፤ ድምፁ ከፍ ይላል፣ እጁ ይወራጫል፣ ሰሚ ቢያጣም አያቋርጥም። ይህ አነጋገር የፉከራን ወግ ያስታውሳል። ፉካሪ ጀብዱውን የሚቆጥረው በአለቃው ፊት፣ ሹመትና ሽልማት በመጠበቅ ነው። ከበበ ግን ለአገሩ የዋለው ውለታ የተረሳበት ሰው ስለሆነ ፉከራው ወደ ክስ ተለውጧል። ፊልሙን መጀመሪያ ያየ ተመልካች በሁኔታው ሊስቅ ይችላል፤ ደግሞ ሲያየው ግን በፊልሙ ውስጥ እውነቱን ሳይሸሽግ የሚናገረው እርሱ እንደሆነ ይገነዘባል።

ከበበና ጉዱ ካሳ

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሳ ዳምጤ የተማረና አስተዋይ ሰው ነው። የመኳንንቱን ሥርዓት ስለሚነቅፍ ግን «ጉዱ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። ወጋየሁ ንጋቱ ልቦለዱን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ገጸ ባሕርያቱን ሁሉ ብቻውን ስለተጫወተ፣ አድማጩ ጉዱ ካሳን የሚለየው ያለ አልባሳትና ያለ መድረክ፣ በድምፅ ብቻ ነበር። የሁለቱ ገጸ ባሕርያት ዕጣ አንድ ነው፤ የተሰጣቸው ስም እንዲናገሩ ይፈቅድላቸዋል፣ የተናገሩትንም ዋጋ ያሳጣል። ክላርክ ኬንት መነጽሩን ሲያወልቅ ሌላ ሰው ይሆናል፤ እነርሱ ግን ራሳቸው ያላጠለቁትን ጭንብል ሊያወልቁት አይችሉም። ልዩነታቸው በመጨረሻ ይታያል፦ ጉዱ ካሳ በቃል ሲሟገት፣ ከበበ ከቃል ወደ ድርጊት ተሻግሮ ባላባቱን ይገድላል።

የማዳን ገደብ

«ሱፐርማን» ውስጥ ጀግናው የሞተችበትን ሎይስ ሌንን ለማዳን ምድርን ዞሮ ጊዜን ወደ ኋላ ይመልሳል። በ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የጭሰኛው ልጅ የባላባቱን ላም ለማዳን ስትል ጎርፍ ይወስዳታል፤ የሚደርስላትም የለም። ከበበ ጉልበትም ተአምርም የለውም። የፊልሙ ርእስ ራሱ የሚቆጥረው ሊመለስ የማይችል ዘመን ነው። ስለዚህ ፊልሙ ጀግናውን የሚመዝነው ባዳናቸው ሰዎች ብዛት አይደለም፤ ሌሎች ያልደፈሩትን በመናገሩ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው የከበበ ትወና ኃይል የሚመነጨው ተመልካቹ በተናቀው ሰው ላይ የሰጠውን ፍርድ እንዲመረምር ከማስገደዱ ነው። ገብሩ ካሳ ይህን የፈጸመው ያለ ሙያ ሥልጠናና ያለ ምስል ቅንብር ብልሃት፣ በድምፁና በሰውነቱ ነው። በአነስተኛ መሣሪያ ፊልምና ቴአትር ለሚሠሩ ተማሪዎችም ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው። «እብድ» ተብሎ የሚታለፈው ገጸ ባሕርይ በአማርኛ ልቦለድ፣ በሬዲዮ ትረካና በፊልም ውስጥ ያለው ቦታ በአንድነት ቢጠና፣ ኅብረተሰቡ እውነትን ከማን አፍ ለመስማት ፈቃደኛ እንደሆነ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።