ስልኩ ፍላሽ አይደለም፣ አቡሽ

ቆይ ቆይ፣ አቡሽ፣ ኬብሉን ልቀቀው! አሥር ጊዜ ነቅለህ ብትሰካው ለውጥ የለውም። መጀመሪያ የእማዬን ስልክ ስክሪን ክፈተው። ተቆልፎ እያለ ኮምፒውተሩ ባዶ ፎልደር ነው የሚያሳይህ፤ ፎቶዎቹ ጠፍተው እንዳይመስልህ። አሁን ከላይ ወደ ታች ሳብ አድርግና ስለ ዩኤስቢ የሚያወራውን ማሳወቂያ ነካ አድርገው፤ «ፋይል ማስተላለፍ» የሚለውን ምረጥ። አንድሮይድ ስትሰካው ቻርጅ ማድረግን ብቻ ነው የሚፈቅደው። ደግ አደረገ! ባይሆንማ እማዬ ቻርጅ ለምና የሰካችበት ኮምፒውተር ሁሉ የቤታችንን ፎቶ ሲጎረጉር ይውል ነበር።

አሁንም ካልመጣ ኬብሉን ጠርጥረው። ተራ ዩኤስቢ 2.0 ኬብል ውስጥ 4 ሽቦ አለ፤ 2ቱ ለኃይል፣ 2ቱ ለዳታ። የዳታ ሽቦ የሌላቸው ኬብሎች ሞልተዋል፤ ቻርጅ ያደርጋሉ እንጂ ፋይል አያሳልፉም። ኮምፒውተርህ ኡቡንቱ ሊኑክስ ስለሆነ፣ ተርሚናሉ ላይ ኤልኤስዩኤስቢ የሚለውን ትእዛዝ ጻፍና እይ። ስልኩ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ሶፍትዌር ስትጭን ስትነቅል አትክረም፤ ሌላ ኬብል አምጣ።

ይኸው መጣ። አሁን ደግሞ ምን ልታደርግ ነው? «ቁረጥ»? ተው! ኮፒ በል። ቁረጥ ማለት ኮፒ አድርጎ መሰረዝ ነው፤ መሰረዙን ለማሽን የምትተወው ጉዳይ አታድርገው። ኮፒው ሲያልቅ የፋይሉን ብዛትና መጠን ከስልኩ ጋር አስተያይ፤ ትልልቆቹን ቪዲዮዎች ከፍተህ እስከ መጨረሻቸው ሮጥ አድርጋቸው። መሃል ላይ ኬብል ከተነቃነቀ የተቆረጠ ፋይል ይቀራል፤ ስሙ ሙሉ ነው፣ ውስጡ ጎዶሎ። ካሜራዋ ያነሳችው ዲሲአይኤም በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። የዋትሳፑ ግን እዚያ የለም፤ አንድሮይድ በሚለው ፎልደር ገብተህ ሚዲያ ውስጥ ፈልገው። የአያቴ የድምፅ መልእክቶች ያሉት እዚያ ነው፤ እነሱን ሳትይዝ ስልኩን አጸዳሁ እንዳትለኝ።

ለምን ይንቀራፈፋል ትላለህ። ፍላሽ ስትሰካ ኮምፒውተርህ ዲስኩን እንዳለ ይረከባል፤ ጌታው እሱ ነው። የድሮዎቹ አንድሮይዶችም እንደዚያ ነበሩ። ሁለት ማሽን አንድ ዲስክ ላይ እኩል ቢጽፍ ስለሚያበላሸው፣ ስልኩ ሚሞሪ ካርዱን ለኮምፒውተሩ አስረክቦ እጁን ይሰበስብ ነበር፤ እስክትነቅለው ድረስ ስልኩ ላይ ያለው ጋለሪ ባዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው አንድሮይድ 3.0 ጀምሮ ነገሩ በኤምቲፒ ተተካ። ኤምቲፒን የመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል በለው። በመስኮት ትጠይቃለህ፣ ንብረት ያዡ ገብቶ ያወጣልሃል፤ አንተ መደርደሪያው ጋ አትደርስም። ስለዚህ ሺህ ፎቶ ያለበት ፎልደር ስትከፍት ቢዘገይ አትበሳጭ፤ አንድ በአንድ እየተጠየቀ ነው። ሰነድም እዚያው ስልኩ ላይ እንዳለ ከፍተህ አታርም። ወደ ኮምፒውተርህ አምጣው፣ ሥራበት፣ ከዚያ መልሰህ ላከው።

ይሄ አዲስ ነገር እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሳይኦን ሲሪስ 5 የሚባል የእንግሊዞች የኪስ ኮምፒውተር ነበር። ሊኑክስ ላይ ፒኤልፒቱልስ በሚባል ፕሮግራም ይያያዝና ድራይቮቹ እንደ ተራ ፎልደር ይታዩ ነበር። እዚያም ቢሆን ፋይሉን የሚያወጣው የኪስ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። በዚያ ዘመን ኬብል፣ በሰከንድ 115,200 ቢት፣ ከእማዬ ፎቶዎች 5 ሜጋባይት የምትሆነው አንዷ ብቻ ከ7 ደቂቃ በላይ ትወስድብህ ነበር። ምስጋና ቢስ።

ስልኩን በተርሚናል ማውንት ማድረግ፣ ማለትም ፎልደር ላይ መስቀል ካማረህ፣ ይቻላል። እንደ ሊኑክስ ባለ ዩኒክስ ላይ ድራይቭ ሲ፣ ድራይቭ ዲ ብሎ ነገር የለም፤ ሁሉም ነገር አንድ ዛፍ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ባዶ ፎልደር ትፈጥራለህ፣ «ስልክ» በለው፤ ከዚያ ጄኤምቲፒኤፍኤስ የሚባለውን ፕሮግራም እሱ ላይ ታስነሳዋለህ። መሣሪያው ተይዟል ካለህ፣ የያዘው የኡቡንቱ ፋይል ማሳያ ነው። ንብረት ያዡ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስተናግደው፤ በግራ በኩል ከስልኩ ስም አጠገብ ያለችውን ማስወጫ ምልክት ጫንና እንደገና ሞክር።

ባዶ ፎልደር ያልኩህ በምክንያት ነው። ውስጡ ፋይል ካለ፣ ስልኩ ላዩ ላይ ሲሰቀል የነበረው ይሸፈናል፤ አይጠፋም፣ ግን እስክታወርደው አታየውም። የባሰው የተገላቢጦሹ ነው። ስልኩ ሳይሰቀል ወደዚያ ፎልደር ኮፒ ብታደርግ ዩኒክስ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ ፋይሉን የራስህ ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጥልሃል፣ አንተም ስልኩ ላይ ጫንኩ ብለህ ትሄዳለህ። ስለዚህ ኮፒ ከማድረግህ በፊት ማውንት ብለህ ብቻውን ጻፍና ስልኩ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን እይ። አንዲት መስመር ናት፣ አትስነፍ።

ስልኩ ላይ ያለውን የምትሰርዘው እማዬ ኮምፒውተሩ ላይ ፎቶዎቿን ራሷ ካየች በኋላ ነው። ዛሬ አይደለም።

አሁን በል፣ ፊውዘርማውንት ብለህ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ዩ፣ ከዚያ የፎልደሩን ስም ጻፍና አውርደው፤ ኬብሉን የምትነቅለው ከዚያ በኋላ ነው። «ሥራ ላይ ነው፣ አላወርድም» ካለህ አትጣላው። ያኛው ሌላው ተርሚናልህ እዚያው ፎልደር ውስጥ ቆሟል፣ እየው፤ ሲዲ ብለህ ውጣ።