የእጅ ፈትልና የመፍተያ መንኮራኩር
ለክር ነጋዴዎችና ለአገር ልብስ ሻጮች የሚጠቅም ትምህርት

ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ከመሸጡ አስቀድሞ ጠባዩን ማወቅ ይገባዋል። እህል የሚነግድ ሰው ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ ይፈትናል፤ ቡና የሚልክም ቡናውን አስቆልቶ ይቀምሳል። ወደ ፈትል ሲመጣ ግን ጠያቂው ጥቂት ነው። ብዙው ገዢ ልቃቂቱን ከሚዛን ላይ አኑሮ ኪሎውን ብቻ ይመለከታል። ከዚህ ልማድ የተነሣ ፈታይዋም፣ ሸማኔውም፣ በመጨረሻም ነጋዴው ራሱ እንዴት እንደሚጎዱ ማስረዳት የዚህ ትምህርት ዓላማ ነው።

፩. ቡሬና የጥጥ ንግድ

ቡሬ ከጥንት ጀምሮ የገበያ አገር ናት። ከጎጃም ደጋ ተነሥቶ ዓባይን በመሻገር ወደ ወለጋ የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ ያርፍባት ነበር። ዛሬም ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ፣ ወደ ነቀምት ከሚወስደው መንገድ ጋር የሚገናኘው በቡሬ ነው። ጥጥ የቆላ ሰብል ሲሆን፣ ጋቢና ቡልኮ አብዝቶ የሚፈልገው ግን በብርድ አገር የሚኖረው ደገኛ ነው። ስለዚህ ጥጥ ከቆላ ወደ ደጋ ይወጣል፤ በደጋ ቤት ተፈትሎ ልብስ ይሆናል። በቆላና በደጋ መካከል ያለች ገበያም ከዚህ ንግድ ድርሻዋን ታገኛለች።

በአገራችን ልማድ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። በቀድሞው ዘመን ሸማኔ በሙያው ሲናቅ፣ ፈትል ግን ለባላባት ሚስትም ለባላገር ሚስትም እኩል የሚያስመሰግን ሙያ ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቡና እየተፈላ፣ ወሬው ከእንዝርቱ ጋር ይሽከረከራል። ልጃገረዶችም ሙያውን የሚማሩት ከእናቶቻቸው ጎን ተቀምጠው ነው። የቤቱ እመቤት ፈትሉን ለሸማኔ ሰጥታ የእጅ ዋጋውን ትከፍለዋለች። በዚህ አሠራር የሸማኔው ድካም በገንዘብ ሲተመን፣ የፈታይዋ ድካም ግን የቤት ሥራ ተብሎ ሳይተመን ይቀራል። ፈትል ራሱ ለገበያ በወጣ ጊዜ የዋጋው ማነስ አንደኛው ምክንያት ይህ ነው።

፪. ጥጥ ክር የሚሆነው እንዴት ነው?

አስቀድሞ ጥጡ ይዳመጣል፤ ይኸውም በድንጋይ ላይ ተደርጎ በብረት ዘንግ እየተገፋ ፍሬው ይወጣለታል። ቀጥሎም በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ከሆነ በኋላ ፈታይዋ በእንዝርት ትፈትለዋለች። እንዝርቱን በጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች፤ በአንድ እጇም ጥጡን ትስባለች። በእንዝርቱ ላይ የተጠራቀመው ፈትል ልቃቂት ይባላል።

መፍተል ሦስት ተግባራት አሉት፤ እነርሱም መሳብ፣ ማክረርና መጠቅለል ናቸው። በእንዝርት የምትሠራ ሴት ስባና አክርራ ታቆማለች፤ ከዚያ በኋላ ትጠቀልላለች። እንዝርት ይዘገያል፤ ነገር ግን ዋጋው ትንሽ ነው፤ እንደ ልብም ይዞራል። ከብት የምትጠብቅ ልጅም፣ ቡና የምታፈላ እናትም ከእጃቸው አይለዩትም።

፫. የመንኮራኩሩ ጥቅም

የመፍተያ መንኮራኩር እንዝርቱን አጋድሞ በገመድ ከትልቅ መዘውር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ነው። የመዘውሩ የጎን ለጎን ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር፣ ገመዱ የሚዞርበት የእንዝርቱ ክብ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ መዘውሩ አንድ ጊዜ ሲዞር እንዝርቱ 20 ጊዜ ያህል ይዞራል። ስለዚህ ማክረሩ ይፈጥናል። በእግር የሚረገጠው ዐይነት ደግሞ ሁለቱንም እጆች ለመሳብ ነጻ ያደርጋቸዋል። ክሩን በሚያከርርበት ጊዜ አብሮ የሚጠቀልል ዐይነትም አለ።

ይህ መሣሪያ ከእስያ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ13ኛው መቶ ዓመት አውሮፓ ደርሷል። በእንግሊዝ አገር ጄምስ ሃርግሪቭስ እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ አንድ ሰው ብዙ እንዝርቶችን በአንድነት የሚያዞርበትን መኪና ከሠራ በኋላ፣ ፈትል ከቤት ወጥቶ ወደ ፋብሪካ መግባት ጀመረ። በህንድ አገር ማኅተማ ጋንዲ የእጅ መንኮራኩርን የነጻነት ትግል ምልክት አደረጉት። እስከ 1947 እ.ኤ.አ. ድረስም የትግሉ ሰንደቅ ዓላማ የመንኮራኩር ሥዕል ነበረበት። ህንድ ነጻ ከወጣች በኋላም የእጅ ፈትልንና የገጠር እደ ጥበብን የሚረዳ ኮሚሽን በ1956 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ አቋቁማለች።

በአገራችን ግን በገጠሩ እንዝርት እንጂ መንኮራኩር አልተስፋፋም። የፋብሪካ ክር ቀድሞ ገበያውን ያዘ። ለጎጃም ቅርብ የሆነው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራ ሲሆን፣ ሥራ የጀመረው በ1953 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ብዙው ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእጅ ፈትል ያደርጋል። ምክንያቱም ድር በመሸመኛው ላይ ተወጥሮ ስለሚቆይ ጠንካራና እኩል ክር ይፈልጋል፤ ማግ ግን ለስላሳ ሲሆን ልብሱ ይሞቃል።

፬. በሚዛን ብቻ የመግዛት ጉዳት

ሁለት ሴቶች እያንዳንዳቸው ግማሽ ኪሎ ፈትል ይዘው ወደ ቡሬ ገበያ ወጡ እንበል። የአንደኛዋ ፈትል ወፍራም ሆኖ 1 ግራሙ 10 ሜትር ይወጣዋል። የሁለተኛዋ ቀጭን ሆኖ 1 ግራሙ 20 ሜትር ይወጣዋል። እንግዲህ የመጀመሪያይቱ 5,000 ሜትር፣ ሁለተኛይቱ 10,000 ሜትር ፈትላለች ማለት ነው። ቀጭን ክር በያንዳንዱ ሜትር አብልጦ መክረር ስላለበት፣ የሁለተኛይቱ ድካም ከእጥፍ ይበልጣል። ገዢው ግን ለሁለቱም በኪሎ አንድ ዋጋ ይከፍላል። በሚቀጥለው ገበያ ሁለተኛይቱ ብልህ ከሆነች አወፍራ ትመጣለች፤ ኩሩ ከሆነች ደግሞ እንዝርቷን ትሰቅላለች። ገዢው «ድሮ የነበረው ቀጭን ፈትል ጠፋ» እያለ ቢያማርር፣ ያጠፋው የራሱ ሚዛን መሆኑን አይገነዘብም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ስስ ጣውላ ላይ ክሩን በቁመቱ 100 ጊዜ መጠምጠም፤ አንዱ ዙር 1 ሜትር ያህል ስለሆነ 100 ሜትር ይሆናል። ይህን የወርቅ ሠሪ ሚዛን በመሰለ ትንሽ ሚዛን መመዘን። 10 ግራም ከመዘነ የክሩ ቁጥር 10፣ 5 ግራም ከመዘነ 20 ነው። ከአንድ ሻጭ ከሦስት ልቃቂት እየወሰዱ ቢፈትኑ ይበልጥ ያስተማምናል። ከዚህ በኋላ ለያንዳንዱ ቁጥር የተለየ ዋጋ ቆርጦ በግልጽ መለጠፍ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ እርጥበት ነው። ጥጥ ከአየር ውኃ ይስባል። በዓለም ንግድ ለጥጥ ክር የተፈቀደው እርጥበት ፍጹም ከደረቀው ክብደት 8.5 በመቶ ነው፤ ይኸውም 1,000 ግራም ደረቅ ክር 1,085 ግራም ቢመዝን ነውር የለበትም ማለት ነው። ከዚህ በላይ ውኃ ረጭቶ የሚያመጣ ሻጭ ገዢውን ያታልላል። እርጥብ ልቃቂት በመጋዘን ስለሚሻግትም ኪሳራው እጥፍ ይሆናል።

ሦስተኛው ስለ እውነተኛ ስም ነው። የፋብሪካ ክር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዐይነት ሲሆን፣ የእጅ ፈትል እዚህ ሳሳ እዚያ ወፈር ይላል፤ ሲዳሰስም ለስላሳ ነው። ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ የሆነውን ጋቢ እንደዚያው ብሎ መሸጥ ነውር አይደለም። «ሁሉም የእጅ ፈትል ነው» ብሎ መሸጥ ግን ነውር ነው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ በውጭ አገር ገዢ እንዳለው፣ በአዲስ አበባ በ2004 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሳባሐር የተባለው ድርጅት ሥራ ይመሰክራል። የውጭ ገዢ ግን አንድ ጊዜ ከተታለለ አይመለስም።

፭. መንኮራኩር ለሚያስገባ ነጋዴ

መንኮራኩር ለፈታዮች ማቅረብ የሚያስብ ነጋዴ ሦስት ነገር ያስተውል። አንደኛ፣ መሣሪያው በአካባቢው አናጢ ሊጠገን የሚችል ይሁን፤ ገመዱ በተበጠሰ ቁጥር አዲስ አበባ የሚያስኬድ መሣሪያ ከቤት ጥግ ተጥሎ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ባዘቶው በብዛት ይዘጋጅ፤ የሚፈትለው ፈጥኖ የሚነድፈው ከዘገየ መንኮራኩሩ ቆሞ ይውላል። ሦስተኛ፣ መሣሪያውን በዕዳ ሰጥቶ ፈትሉን በራሱ ዋጋ ለዘወትር ለመውሰድ አይዋዋል። እንዝርት የራሷ የነበረ ሴት በመንኮራኩር ምክንያት ባለዕዳ ከሆነች፣ መሣሪያው እጇን ቢያፈጥንም ቤቷን አይጠቅምም። የብዙ ሴቶች ማኅበር በጋራ ገዝቶ በየተራ ቢሠራበት ይሻላል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት በሁሉ አፍ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ድሩ ከማበሩ በፊት መፈተል አለበት። ልጆች ከእናቶቻቸው ጎን ተቀምጠው ሙያውን የሚማሩት የሚያበላቸው መሆኑን ሲያዩ ነው። ይህንንም የሚያሳያቸው በገበያ ቀን ልቃቂቱን የሚቀበላቸው ነጋዴ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የክር ገዢ ከሚዛኑ አጠገብ አንዲት የ50 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ቢያኖር፣ ለፈታይዋ የሚገባትን ይከፍላል፤ ለራሱም ነገ የሚሸጠው ቀጭን ፈትል አያጣም።