ኢማናችን የቆመው በምን ላይ ነው?

 

ከወጣቶች በተደጋጋሚ የሚደርሰን አንድ ጥያቄ አለ። በዶርም፣ በሥራ ቦታ ወይም በቲክቶክ ላይቭ ከክርስቲያን ወዳጆቻቸው ጋር ስለ ሃይማኖት ሲያወሩ ነገሩ ቶሎ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ይደርሳል፦ መጽሐፍ ቅዱስ ተበርዟል ወይስ አልተበረዘም? አንዱ ማስረጃ ይደረድራል፣ ሌላው ያስተባብላል። ከክርክሩ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ «ኡስታዝ፣ መልስ ባጣስ? ኢማኔ ምን ይሆናል?»

መልሱን በአጭሩ ላስቀምጠው። ጉዳዩ በዐቂዳችን ውስጥ ቦታ አለው፤ ኢማናችን የቆመበት ምሰሶ ግን አይደለም። እንዴት? አብረን እንይ።

📌 ቅደም ተከተሉን እንወቅ

በመጽሐፍት ማመን ከስድስቱ የኢማን ማዕዘናት አንዱ ነው። አላህ ተውራትን ለሙሳ፣ ዘቡርን ለዳውድ፣ ኢንጂልን ለዒሳ (ዐለይሂሙ ሰላም) ማውረዱን ያልተቀበለ ሰው ሙስሊም ሊሆን አይችልም። ስለዚህ እነዚህን ስሞች በፌዝ ማንሳት አይገባንም። በሌላ በኩል በሱረቱል በቀራ 79ኛው አያ አላህ (ሱ.ወ.) በእጃቸው ጽፈው «ከአላህ ነው» የሚሉ ሰዎችን ይወቅሳል። በሱረቱል ማኢዳ 48ኛው አያ ደግሞ ቁርኣን ከበፊቱ የነበረውን መጽሐፍ የሚያረጋግጥ፣ በርሱም ላይ ተቆጣጣሪ መሆኑን ይነግረናል።

አስተውሉ! ቁርኣንን የተቀበልነው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጥያቄ ስለተነሳ አይደለም። ስለቀደሙት መጽሐፍት ይህን አቋም የያዝነው ቁርኣንን ስለተቀበልን ነው። መሠረቱ ቁርኣንና መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው፤ ሌላው ከነርሱ የሚከተል ነው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ቤቱን በሰው ግቢ ውስጥ እንደሠራ ይቆጠራል።

ኡለማዎቻችንም በዝርዝሩ ላይ አንድ ቃል አልነበሩም። ኢብኑ ሐዝም (በ456 ሒጅራ የሞቱት) ቃላቱ ራሳቸው ተለውጠዋል ብለው በስፋት ተከራክረዋል። ሌሎች ደግሞ ዋናው ለውጥ የተደረገው በትርጓሜ ላይ ነው ብለዋል። ኢብኑል ቀይምም «ኢጋሠቱል ለህፋን» በተሰኘው ኪታባቸው እነዚህን ልዩነቶች አንስተዋል። በመጠኑ ላይ ተለያዩ፤ የማንኛቸውም ኢማን ግን በዚህ ምክንያት አልተናጋም።

📌 ያው ማስረጃ፣ የተለያየ መንገድ

በማርቆስ ወንጌል መጨረሻ ያሉት 12 ቁጥሮች (16፥9-20) በ4ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፉት ሁለት ታላላቅ ቅጂዎች፣ ማለትም በኮዴክስ ሲናይቲከስና በኮዴክስ ቫቲካነስ፣ አይገኙም። ይህን ለዓለም ያስረዱት ክርስቲያን ምሁራን ራሳቸው ናቸው። ከነርሱ አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ብሩስ ሜትዝገር ዕድሜውን የአዲስ ኪዳንን ጥንታዊ ቅጂዎች ሲያመሳክር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ክርስቲያን ሆኖ ሞተ። ተማሪው ባርት ኤርማን ያንኑ ትምህርት ተምሮ ከክርስትና ወጣ። የወጣው ግን ወደ እስልምና አይደለም፤ ፈጣሪ ስለመኖሩ አላውቅም የሚል ሰው ሆነ። እምነቱን በመጨረሻ ያስጣለው የቅጂዎቹ ልዩነት ሳይሆን በዓለም ላይ ያለው ስቃይ ጥያቄ እንደሆነም ራሱ ተናግሯል።

ከዚህ ምን እንማራለን? አንድ ቁጥር በጥንታዊ ቅጂ ውስጥ አለመኖሩን ማሳየት ሰውን ወደ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አያደርስም። የጎረቤት ግድግዳ መሰንጠቁ የኛን ጣራ አይከድንልንም።

📌 ሚዛኑ አንድ ይሁን

አንዳንድ ወንድም ክርክሩን እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «የናንተ ቅጂዎች ይለያያሉ፤ የኛ ሙስሐፍ ግን በመላው ዓለም በአንዲት ፊደል አይለይም።» ያኛው ወገን በሰሜን አፍሪካ የሚቀራውን የወርሽ ሙስሐፍ ያወጣል። ፋቲሓ ላይ እኛ በሐፍስ ቂራኣ «ማሊኪ» የምንለው በወርሽ «መሊኪ» ነው። ወንድማችን ይደነግጣል። ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣል፤ ለሰው መናገርም ያፍራል።

ቁርኣን ደካማ ሆኖ ነው? በፍጹም! ልጁ የያዘው ዒልም ሳይሆን መፈክር ስለነበር ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) ሒሻም ኢብኑ ሐኪም ሱረቱል ፉርቃንን እርሳቸው ከተማሩት በተለየ ሁኔታ ሲቀራ ሰምተው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እንደወሰዱት፣ ነቢዩም የሁለቱንም አቀራር እንዳጸደቁ በቡኻሪ ተዘግቧል። ቂራኣቶች ከነቢዩ በሰነድ የተላለፉ፣ ኡለማእ ስምና ወሰን ሰጥተው ያጠኗቸው ናቸው። ይህን አስቀድሞ የተማረ ሰው የወርሽን ሙስሐፍ ሲያይ «አልሐምዱሊላህ» ይላል እንጂ አይደነግጥም።

ለወዳጆቻችንም ፍትሐዊ እንሁን። ክርስቲያኑ ወንጌል ቃል በቃል ከሰማይ ወረደ አይልም፤ ሰዎች በመንፈስ ቅዱስ ተመርተው ጻፉት ነው የሚለው። ኦርቶዶክሱ 81፣ ካቶሊኩ 73፣ ፕሮቴስታንቱ 66 መጻሕፍት እንደሚቀበሉም ያውቃል። ስለዚህ «ይህን ቢሰማ እምነቱን ይጥላል» ብለን ያሰብነው ነገር እርሱ ዘንድ ያን ያህል ላይከብድ ይችላል። አቋሙን ሳናውቅ የምንሰጠው መልስ ላልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

📌 ጃዕፈር በነጃሺ ፊት

ይህች አገራችን ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ትምህርት አላት። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በክርስቲያኑ ንጉሥ ፊት ሲቆሙ የተሰደዱ፣ ከኋላቸው የቁረይሽ መልእክተኞች የመጡባቸው ሰው ነበሩ። ንግግራቸውን የንጉሡን መጽሐፍ በመንቀፍ አልጀመሩም። በጃሂሊያ ዘመን ምን እንደነበሩ፣ ነቢዩ በምን እንዳዘዟቸው፣ እውነት መናገርን፣ አደራ መመለስን፣ ዝምድናን መቀጠልን አስረዱ። ከዚያ ከሱረቱ መርየም ቀሩ፤ ንጉሡም አለቀሱ። በማግስቱ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) በቀጥታ ሲጠየቁ ደግሞ ሕይወታቸው አደጋ ላይ እያለች እንኳ እምነታቸውን አልደበቁም፤ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ መሆናቸውን በግልጽ ተናገሩ።

እውነቱን አልሸሸጉም፣ ሰውየውንም አላዋረዱም። ይህን ያስቻላቸው በልባቸውና በአንደበታቸው የነበረው ቁርኣን ነው። ከኛ ስንቶቻችን ነን ሱረቱ መርየምን ከነትርጉሙ የምናውቅ?

📌 ምን እናድርግ?

1️⃣ ራሳችንን እንመርምር። በሳምንቱ ውስጥ ክርክር በማየት ስንት ሰዓት አሳለፍን? ከቁርኣንስ ጋር? ክርክር አምሽቶ ሱብሒ ያመለጠው ሰው፣ ቢያሸንፍም ከስሯል።

2️⃣ የራሳችንን እንማር። ቁርኣን በአቡበክር ዘመን በዘይድ ኢብኑ ሣቢት እንዴት እንደተሰበሰበ፣ በዑሥማን ዘመን እንዴት እንደተባዛ፣ በሰዎች ልብ እንዴት እንደተጠበቀ ኡስታዝ ዘንድ ቁጭ ብለን እንቅራ።

3️⃣ በማናውቀው አንፍረድ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የመጽሐፉ ሰዎች የሚነግሩንን ነገር ዝም ብለን እንዳናረጋግጥም እንዳናስተባብልም አስተምረዋል። «አላውቅም፣ ጠይቄ እመለሳለሁ» ማለት ነውር አይደለም። መልስ ያጣኸው አንተ ነህ እንጂ ዲንህ አይደለም።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስንቀራ ሱረቱ መርየምንም ከነትርጉሟ እንጨምርባት። በነቢዩ ላይም ሶለዋት እናብዛ።

አላህ ሆይ! ልባችንን በዲንህ ላይ አጽናልን፤ ጠቃሚ ዒልምን ለግሰን፤ አንደበታችንን ከጉራና ከስድብ ጠብቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ጁሙዓ ሙባረክ!