ከበሩ እስከ ሼዱ

ዞር አትበይ፣ ስፌትሽን ቀጥዪ። እኔ ከኋላሽ ቆሜ ነው የማወራሽ፤ መስመር መሪዋ ስትመጣ ዝም እላለሁ።

ሦስት ሳምንት ሆነኝ ሳይሽ። ከሳቢያን ተነስተን መልካ ጀብዱ መንገድ ላይ እስክንወጣ የሰርቪሱን በር ብረት አትለቂም፤ የሻሽሽን ጫፍ ጣትሽ ላይ ትጠመጥሚዋለሽ፣ ጣትሽ ደም እስኪያጣ። ፋብሪካው በር ላይ ስንወርድ ሁሉም ሰው መሀል አስፋልቱን ይዞ ወደ ስፌት ሼዱ ሲሄድ አንቺ አጥር አጥሩን ትዞሪያለሽ። በዚህ በድሬዳዋ ፀሐይ! መንገዱ የኮንቴይነር መኪና የሚተላለፍበት ነው፤ ስፋቱ እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። ትናንት ደግሞ «ሥራውን ልተወው ነው» ስትዪ ሰማሁሽ። እባክሽ፣ እንዳታደርጊው።

እኔም አልፌበታለሁ። ከፊራ ገበያ ውስጥ ቲማቲም እየመረጥኩ ነበር፤ ድንገት ልቤ ደረቴን ሊሰነጥቀው ደረሰ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ እጄ ደነዘዘ፣ በቃ ሞትኩ አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከፊራን ተውኩ። ቀጥሎ ባጃጅ ተውኩ። ታኅሣሥ 19 ደርሶ ሰው ቁልቢ ገብርኤል ሲጎርፍ እኔ ቤቴ ቀረሁ። ጎረቤት ዓይነ ጥላ ነው አለ። አንዷ ደግሞ ሰነፍ ናት አለችኝ፤ እሷን እስካሁን አልረሳኋትም።

ሐኪሞች ይህን ፍርሃት አጎራፎቢያ ይሉታል። ስሙን ያወጣው ካርል ቬስትፋል የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ በፈረንጆች 1871። ሰፊ አደባባይ ማቋረጥ ያቃታቸው ሰዎች ነበሩ የገጠሙት፤ ልክ አንቺ አስፋልቱን እንደምትሸሺው። አጎራ በግሪክ ቋንቋ ገበያ፣ አደባባይ ማለት ነው። ሰርቪሱም፣ የምሳ ሰልፉም፣ አስፋልቱም የሚያስፈሩሽ በአንድ ምክንያት ነው፦ «እዚህ ብወድቅ በየት እወጣለሁ፣ ማን ይደርስልኛል?»

አሁን ይህንን ልብ ብለሽ ስሚኝ። ያ የልብ ምት ያስፈራል እንጂ አይገድልም፤ ሰውነትሽ አውሬ የመጣ መስሎት ለሩጫ ሲዘጋጅ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ይደርስና ራሱ ይወርዳል። ሳይወርድ ከሸሸሽ ግን አእምሮሽ «የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይይዘዋል፤ በማግስቱ ሌላ ቦታ ይነጥቅሻል። እኔን ከከፊራ ጀምሮ ደጃፌ ላይ ያደረሰኝ ይኸው ነው።

ስለዚህ ፍርሃቱ እስኪለቅሽ አትጠብቂ፣ ይዘሽው ሂጂ፤ ግን በትንሽ በትንሹ። መጀመሪያ እስከ መጀመሪያው የመብራት ምሰሶ ብቻ። እዚያ ቆመሽ ልብሽ እስኪበርድ ጠብቂ፤ ሲበርድ ነው የምንቀጥለው። ያው ምሰሶ እስኪሰለችሽ በየቀኑ እንመላለስበታለን፤ ከዚያ ሁለተኛው። አጠገብሽ እሆናለሁ፣ በኋላ አሥር እርምጃ እርቃለሁ፣ በመጨረሻ ሼዱ በር ላይ ቆሜ አይሻለሁ። እኔም ምርኩዝ እንድሆንብሽ አልፈልግም።

ሐኪም ደግሞ የግድ ነው። ድል ጮራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ፈረቃችን ከሰዓት ሲሆን ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ልብ ስለሚያስሮጡ፣ እነሱንም እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ፍሎክሰቲን ወይም ሰርትራሊን የሚባል መድኃኒት ሊያዙልሽ ይችላሉ። ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም ሊያስጨንቁሽ ይችላሉ፣ በራስሽ ግን አታቁሚው። ከሰው ዲያዜፓም እንዳትቀበዪ፤ ቶሎ ያበርድና ሱስ ሊሆንብሽ ይችላል። ቡናውን ቀንሺ። ጫቱንም፤ ድሬ ላይ ጫት ተይ ማለት ቀላል እንዳልሆነ ጠፍቶኝ አይደለም፣ ግን እሱም ልብ ያስሮጣል። ጸሎትሽን ማንም አይከለክልሽም፤ ጸበልሽንም ጠጪ፣ ክኒንሽንም ዋጪ።

ክሩ ተበጠሰብሽ፤ ቀስ ብለሽ አስገቢው። መስመር መሪዋ መጣች። ነገ ከሰርቪስ ስትወርጂ ወደ አጥሩ አትሂጂ፤ እኔ መሀል አስፋልቱ ላይ ቆሜ ነው የምጠብቅሽ።