ለአራስ እናት የሚሆን የሰውነት ማጎልመሻ

«የገጠር ሴት ውሃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም ትውል የለም እንዴ? ሌላ ማጎልመሻ ምን ያደርግላታል?» የሚሉን አባወራዎች አሉ። ነገር ግን ሥራ ሁሉ ሰውነትን አያጠነክርም፤ የሚጎዳም አለ። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አራስ ሴት ይህን አዝላ ዳገት ስትወጣ፣ ማህፀንን ከታች ደግፎ የሚይዘው፣ በወሊድ የላላው ጡንቻ ይበልጥ ይጫናል። ማህፀን ወደ ታች ከሚወርድባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ይህን ጡንቻ እንዲህ አጠንክሩት። ሽንት እንደምትቋጥሩ አድርጋችሁ ከታች ያለውን ሥጋ ወደ ውስጥ ሳቡት፤ እስከ 5 ቆጥራችሁ ልቀቁት፤ ጥቂት አርፋችሁ ድገሙት። 10 ጊዜ ይበቃል፤ በቀን ግን 3 ጊዜ ይሁን። ትንፋሻችሁን አትያዙ፤ እየሸናችሁም አታድርጉት። ሕመም ከሌለ ከወለዳችሁ በጥቂት ቀን መጀመር ይቻላል። ልጅ ስታጠቡም ሆነ ቡናው እስኪፈላ ቁጭ ብላችሁ ይሠራል፤ ማንም አያይባችሁም። ለውጡ እስኪታወቅ 3 ወር ያህል ሊፈጅ ይችላልና አትሰልቹ።

ውሃውንስ ማን ይቅዳ? ቢያንስ እስከ 6 ሳምንት ባልና ትልልቆቹ ልጆች ይቅዱ። ወንድ ውሃ ሲቀዳ ይሳቅበታል ይባላል፤ እንግዲህ ይሳቁ!

ከታች የሚወርድ ነገር ከተሰማችሁ፣ ወይም ስታስሉ ሽንት ካመለጣችሁ፣ አፍራችሁ አትደብቁ። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሯት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካችኋለች።