አረጋውያንንና ሕሙማንን ስለ ማልበስ



በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ቁጥር 18 ላይ ጌታ ጴጥሮስን ስለ እርጅናው ሲነግረው፥ ያን ጊዜ ልብሱን የሚያስታጥቀው ሌላ ሰው እንደሚሆን ያመለክተዋል። ወንጌላዊው ይህን ቃል ስለ ጴጥሮስ አሟሟት እንደ ተነገረ አድርጎ ይተረጉመዋል። ይሁን እንጂ ምሳሌው የተወሰደው በየቤታችን ከምናየው ነገር ነው፤ ይኸውም ሰው ሲያረጅ ወይም ሲታመም በገዛ እጁ መልበስ ይሳነዋል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ስለዚሁ ጉዳይ ነው፤ ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ሰውን ከቤቱ ሊያስቀር እንደሚችል በራሳችን ጥፋት ተምረናልና።

ካቻምና በምናገለግልበት ቁምስና አንዲት እናት ስትሮክ አግኝቷቸው ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ደከመ። ከጥቂት ወራት በኋላ በከዘራና በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው እስከ ደጅ መውጣት ቻሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ከቤታቸው ሩቅ አይደለም፤ ሆኖም ለቅዳሴ አይመጡም ነበር። እኛም መራመድ ተስኗቸዋል ብለን ቅዱስ ቁርባን በቤታቸው እንዲቀበሉ አደረግን፤ በዚህም ግዴታችንን የፈጸምን መሰለን። እውነተኛውን ምክንያት የሰማነው በስምንተኛው ወር፥ ያውም ስለ ሌላ ነገር ስንጨዋወት ነው። የሐበሻ ቀሚሳቸው አንገቱ ጠባብ ስለሆነ፥ የደከመውን እጅ ለማስገባት ሁለት ሰው ይዞ ማልበስ ነበረበት፤ ትከሻቸውንም ክፉኛ ያማቸዋል። ልጆቻቸው አስበው ቱታ ገዙላቸው። ቱታው ይመቻል፥ ይሞቃልም። እርሳቸው ግን «ልጆቼ፥ እኔ ቱታ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን አልገባም» አሉን።

እግራቸውን እንጂ ልብሳቸውን ጠይቀን አናውቅም ነበር።

መፍትሔውን ያገኘው በሰፈሩ ያለ ልብስ ሰፊ ነው። ቀሚሱን ከኋላ ከአንገቱ እስከ ታች ከፈተው፤ በሁለቱም ጠርዝ ላይ ተመሳሳይ ሸማ ጨምሮ አንዱ በሌላው ላይ አንድ ስንዝር ያህል እንዲደረብ አደረገ። አሁን እናታችን ወንበር ላይ እንደ ተቀመጡ ሁለቱ እጆቻቸው ከፊት በኩል ይገባሉ፤ ከዚያም ጀርባው ተደርቦ በማጅራትና በትከሻ አጠገብ ይያያዛል። ከፊት ያለው ጥልፍ አንድ ክር አልተነካም። ነጠላ ሲደረብበት መከፈቱ አይታወቅም።

ይህን የመሰለ አሳብ በሌላ አገርም ቀድሞ ታስቦበታል። በ1950ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ሄለን ኩክማን የተባለች የልብስ ንድፍ ባለሙያ፥ ዶክተር ሃዋርድ ራስክ በኒው ዮርክ ይመሩት ከነበረው የተሐድሶ ሕክምና ተቋም ጋር በመተባበር ለአካል ጉዳተኞች የሚስማሙ ልብሶችን ነድፋለች። ልብሶቹ ከሌላው ሰው ልብስ ተለይተው እንዳይታዩ ትጠነቀቅ ነበር። በእኛ ዘንድ ለሕመምተኛ የሚሰፋ ልብስ ሁሉ የሆስፒታል ጋውን የሚመስልበትን ምክንያት እስካሁን አልተረዳነውም።

እንግዲህ ልብስ ሰፊ ዘንድ ስንሄድ ምን እንጠይቅ? ቁርጥማት ወይም የእጅ መንቀጥቀጥ ላለበት ሰው ትልቁ ጠላት ቁልፍ ነው። የሸሚዙ ቁልፎች በቀዳዳዎቻቸው ላይ ከውጭ ይሰፉና ከሥራቸው ቬልክሮ ይደረጋል፤ ለተመልካች የተቆለፈ ይመስላል፥ ለባለቤቱ ግን በአንድ ጫን ማለት ይዘጋል። ቬልክሮ ሲላቀቅ ጭርር የሚለው ማጣበቂያ ነው። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ጆርጅ ደ ሜስትራል አሳቡን ያገኘው በ1941 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በልብሱና በውሻው ጠጉር ላይ የተጣበቀውን፥ የእኛን ጨጎጎት የመሰለ ፍሬ መርምሮ ነው። እንደ ጨጎጎትም ሸማ ያገኘ እንደ ሆነ ክሩን ይመዝዛል፤ ስለዚህ ሻካራው ወገን ወደ ነጠላውም ወደ ገላም እንዳይዞር፥ ሲታጠብም ተዘግቶ እንዲታጠብ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በሱሪም በኩል ከቀበቶ ይልቅ ላስቲክ ይሻላል። ይህን ስንል ስለ ምቾት ብቻ አይደለም። አንዳንድ አረጋዊ ሽንቱን መቆጣጠር አቃተው ይባላል፤ ሲጠየቅ ግን ሽንቱ መምጣቱን በሚገባ ያውቃል፥ ቀበቶውንና ቁልፉን እስኪፈታ ድረስ ነው ጊዜው የሚያልፍበት። ስንቱ በዚህ ምክንያት አፍሮ ከሰው ተለየ! በተሽከርካሪ ወንበር ለሚቀመጥ ሰው ደግሞ ሱሪው ከኋላ ከፍ፥ ከፊት ዝቅ ብሎ ይሰፋል፤ ሲቀመጡ ወደ ላይ ስለሚሸሽም እግሩ ትንሽ ይረዝማል። የኋላ ኪስ አያስፈልገውም።

ጋቢና ነጠላ እጅጌም ቁልፍም ስለሌላቸው ለሁሉ የተመቹ ይመስላሉ። ለተኛ ሰው እውነት ነው። ለቆመ ሰው ግን ነጠላ ማጣፋት ሁለት እጅ ይጠይቃል፤ በአንድ እጁ ከዘራ የያዘ ሰው ነጠላው በተንሸራተተ ቁጥር ከዘራውን ወይም ነጠላውን መልቀቅ አለበት። ተጭነው የሚዘጉ ሁለት ቁልፎች በትከሻ ላይ ቢሰፉ ነጠላው ከቀሚሱ ጋር ይያዛል። የጋቢ ጫፍ በወንበሩ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ በጉልበት ላይ ይታጠፍ። እሳት አጠገብ የሚውሉ አረጋውያንም የተንጠለጠለ ጫፍና ሰፊ እጅጌ እንዳይኖራቸው እንጠንቀቅ፤ በተለይ ፖሊስተር ሲቃጠል ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል።

ስለ አለባበሱ ሥርዓት ካቴኪስቶች ለቤተሰብ ሊያስተምሩት የሚገባ አንድ ነገር አለ። አንድ ጎኑ የደከመ ሰው ሲለብስ መጀመሪያ የሚገባው የደከመው እጅ ነው፤ ሲያወልቅ ግን የደከመው እጅ መጨረሻ ይወጣል። እጁን ይዞ መጎተት የትከሻውን መገጣጠሚያ ይጎዳል። ስለዚህ አልባሹ የራሱን እጅ ከእጅጌው ጫፍ አስገብቶ የሕመምተኛውን መዳፍ ይቀበልና እጅጌውን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ይስባል። ሕመምተኛው በራሱ ሊያደርገው የሚችለውን፥ አንድ ቁልፍ ለመቆለፍ አምስት ደቂቃ ቢፈጅበትም እንኳ፥ አንቀማው።

ለረጅም ጊዜ የሚተኛ ወይም የሚቀመጥ ሰው ከሆነ በጀርባው፥ በመቀመጫውና በዳሌው በኩል ወፍራም ስፌት፥ ቁልፍም ሆነ የተጨማደደ ጨርቅ ሊኖር አይገባም፤ የአልጋ ቁስል መነሻ ሊሆን ይችላልና። ሲለብስና ሲያወልቅ ቆዳውን እንመልከት። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት ላይታይ ስለሚችል፥ ከሌላው ይልቅ የጠቆረ፥ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ካለ በእጅ ዳስሰን እንወቅ፤ ካገኘንም በዚያ ጎን ከመተኛት አሳርፈን ወደ ጤና ባለሙያ እንውሰደው።

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ስለሚችል፥ ጫማው ውስጥ ጠጠር ቢኖር እንኳ ላይሰማው ይችላል። ከማጥለቁ በፊት ሁልጊዜ ጫማውን በእጅ መዳሰስ ይገባል። ተረከዙ የማይዝ ነጠላ ጫማ ለሚንገዳገድ ሰው አይበጅም።

እኒያ እናት አሁን እሑድ እሑድ ከሦስተኛው ረድፍ ይቀመጣሉ። የጫማው ጉዳይ ግን ገና አላለቀም። ክር የሌለው፥ በቬልክሮ የሚዘጋ ጥቁር ጫማ በየገበያው ስንፈልግላቸው ከርመናል፤ እስካሁን ያገኘነው ሁሉ የሕፃናት ነው።